ያልደረቀ ጥድ

ባለፈው ሳምንት ከለገሃር ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ሥራዬን ጠየቀኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ አልኩት።

«ምን ይሠሩ ነበር ፋዘር?»

«እርሳስ።»

«እርሳስ… ማለቴ ይሸጡ ነበር?»

«እሠራ ነበር። ከእንጨቱ እስከ ቀለሙ።»

ሳቀ። «እርሳስ ደግሞ እዚህ ይሠራል እንዴ? በቃ በካርቶን አይደል ከውጭ የሚመጣው?»

ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ «ፋዘር፣ እኔን ይቅረጹኝ፣ ደንዝዣለሁ!» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መልስ ነበረኝ፤ ነገር ግን ገና ስጀምር መውረጃዬ ደረሰ። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ቀሪ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኔ አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ለአለቃዬ ተናግሬዋለሁ፤ ለትምህርት ቤቶችም ተናግሬዋለሁ። ያልተናገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ልጄ ሰብለ ናት። በእርሳስ የጻፍኩትን ይህን ወረቀት በኮምፒውተር የምትተይብልኝ ደግሞ እሷው ናት። ስለዚህ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ታነበዋለች። አባት ለልጁ ፊት ለፊት መናገር ሲያቅተው በወረቀት መናገሩ ጀግንነት አይደለም። ከዝምታ ግን ይሻላል።

የሠራሁበት የእርሳስ ፋብሪካ ከቡልጋሪያ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሁለት ጋራዦች መካከል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቶቹ ልጆች አሏቸው፣ እሱም ተዘግቷል። ፋብሪካ ይባል እንጂ ሦስት የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ላንቻ አካባቢ በርና መስኮት ከሚሠራ አናጺ ዘንድ በቀን ሥራ እውል ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን በመዝገበ ቃላትና በትዕግሥት ራሴን አስተማርኩ። ይህን የምናገረው ለመመካት ነው፤ አልደብቅም። ዛሬ ልጆች «አስተማሪው አላስረዳንም» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔን ማን አስረዳኝ?

እንዲህ እላለሁ እንጂ አንድ ያስረዳኝ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ምድቤ እንጨት ክፍል ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ይባሉ ነበር። ከወሎ የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሳንቃ በእጄ አስያዙኝ። ርዝመቷ እንደ እርሳስ፣ ውፍረቷ የእርሳስ ግማሽ ነው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ጥድ ናት።»

«ጥድነቷን ፍየልም ያውቃል። ደርቃለች ወይ ነው የምልህ።»

በጣቴ ዳሰስኳትና «ደርቃለች» አልኩ። ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ ለጠፏት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ።

«አልደረቀችም። ውሃ ያዘለ እንጨት ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል። እጅህን መዶሻ አደንዝዞታል፣ እሱን አትመን። ጉንጭህን ጠይቅ።»

በጋሽ ሰይድ ክፍል እንጨት የሚደረደረው አየር እንዲያልፍበት ክፍተት እየተተወ ነው። በየክምሩ ላይ የደረደረው ሰው ስም በጠመኔ ይጻፋል። ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ እሳቸው ወደ መስጊድ ከመሄዳቸው በፊት፣ ክምሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል፣ የመሃሉ ወደ ዳር። ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ጋሽ ሰይድ፣ እንጨቱ ራሱ ቀን ሲደርስ አይደርቅም?» ብላቸው «ታች የተቀመጠ እንጨት ታች እንደተቀመጠ ሰው ነው» አሉኝ። «ካላነሣኸው ነፋስ አያገኘውም።»

ስለ እርሳስ የማያውቅ ሰው እንጨቱ ተበስቶ ጥቁሩ ዘንግ የሚከተትበት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሳንቃው ላይ ዘጠኝ ቀጫጭን ቦዮች ይወጣሉ። በየቦዩ ጥቁሩ ዘንግ ይተኛል፤ እኛ «ልብ» እንለው ነበር። ከዚያ ኮላ የተቀባ ሌላ ባለ ቦይ ሳንቃ እንደ ክዳን ይገጠምበታል፤ ሁለቱ በሞርሳ ተጠብቀው ያድራሉ። በማግስቱ ማሽኑ በአንድ ፊት ሦስት ጎን ያወጣል፣ ሲገለበጥ ሌላ ሦስት ጎን ያወጣል፤ ዘጠኝ እርሳሶች ከሰጋቱራው መካከል ተለያይተው ይወድቃሉ። በደንብ የተሠራ እርሳስ መጋጠሚያው የት ላይ እንደሆነ በዓይን አይገኝም። ቀለም በላዩ ላይ በተደጋጋሚ ይቀባል፤ ቀለም ግን የሚያምረው ከሥሩ ያለው እንጨት ሲያምር ነው። ለሰውም ያው ነው።

ስድስት ጎን የሆነው ለጌጥ አይደለም። ክብ እርሳስ ከዴስክ ላይ ተንከባሎ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ደግሞ ከውጭ ደህና መስሎ ልቡ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል። ስምንት ክብ እርሳስ ከሚያወጣ ሳንቃ ዘጠኝ ባለ ስድስት ጎን ይወጣል። የያዝንበትን ሦስት ጣት ደግሞ ሦስት ጎን ይቀበለዋል። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጨዋ ሰው መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ የእንጨቱንም፣ የልጁንም ጣት አስቧል።

ልቡም እርሳስ ይባል እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። ግራፋይትና ሸክላ አብረው ተቦክተው፣ እንደ ክር ወጥተው፣ በእሳት ተጠብሰው፣ በሰም የተነከሩ ናቸው። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ይደበዝዛል፤ ሲያንስ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ድሮ በእንግሊዝ አገር ንጹሕ ግራፋይት ከመሬት ተገኝቶ ገበሬዎች በጎቻቸውን ምልክት ያደርጉበት እንደነበር አንብቤአለሁ። ከሸክላ ጋር መደባለቁን ያመጡት ደግሞ ፈረንሳዮች ናቸው፤ በጦርነት ምክንያት ግራፋይቱ ስለተቋረጠባቸው። ማጣት ያስተማረውን ማግኘት አያስተምርም።

አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ የእኛን ጥድ «የእርሳስ ጥድ» ብሎ ሲጠራው ሳገኝ ደስ ብሎኝ መጽሐፉን ይዤ ወደ ጋሽ ሰይድ ሮጥኩ። ሥዕሉን አዩትና «መጽሐፉ ገና አሁን ነው የሰማው?» አሉ።

ከእንጨት ክፍል ወደ ቦይ ማሽኑ፣ ከዚያም ወደ ኮላው ተዛወርኩ። በዘጠነኛው ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ደመወዙ የሚያስወራ አልነበረም፤ ልጅ ግን አስተምሮበታል። ሥራዬ ከየክምሩ ከተሠራው እርሳስ ጥቂት አንሥቼ ከወገቤ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ሦስት ጊዜ መጣል፣ መቅረጽ፣ ስሜን መጻፍ ነበር። ልቡ ካልተሰበረ እፈርማለሁ። ከእኔ ፊርማ በፊት ደግሞ የእንጨት ክፍሉ ኃላፊ ስለ ድርቀቱ ይፈርማል። ሁለታችን ያልፈረምንበት እርሳስ ወደ ቀለም አይሄድም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ሰብለ ስምንተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ከአካባቢው አሥራ አንድ ትምህርት ቤቶች ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሆን እርሳስ ታዘዘ። የፈተናው መልስ የሚጠቆረው በእርሳስ ስለሆነ ለእኛ እንደ ትልቅ ክብር ነበር። በዚያው ወር ጋሽ ሰይድ እናታቸው ሞተውባቸው ወሎ ሄዱ። ሲሄዱ ክፍሉን ለእኔ ትተው፣ ክንዴን ይዘው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ዓርብን አደራ።»

እኔ ግን በዚያን ጊዜ አንድ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። እንጨት ተመዝኖ፣ በምድጃ ደርቆ፣ እንደገና ሲመዘን የጎደለው ክብደት ውሃው ነው ይላል። ትክክል ነው። ሚዛን አስገዛሁ። ቁጥር እያለ ጉንጭ ምን ያደርጋል አልኩ። ክምር መገልበጡንም የባላገር ልማድ ነው ብዬ ተውኩት፤ ሠራተኞቹም ወገባቸው ስላረፈ አመሰገኑኝ። በዚያ ዓመት በልጉ ጠንቶ ነበር። እኔ የምመዝነው ደግሞ ከላይ ያለውን፣ ነፋስ ያገኘውን ሳንቃ ነው። እጄ የሚደርሰው እሱ ላይ ነውና።

ጋሽ ሰይድ ከአራት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ በቀጥታ ወደ ክምሩ ሄደው ከሆዱ አንዲት ሳንቃ መዘዙ፤ ጉንጫቸው ላይ አደረጓት።

«ዓርብን ምን አደረግኸው?»

«ሚዛን አለን ጋሽ ሰይድ። ቁጥሩ ይኸው፣ ደርቋል።»

«ይሄ ክምር እርጥብ ነው።»

«በመጽሐፉ መሠረት…»

«መጽሐፉ ይፈርማ። እኔ አልፈርምም።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይሉ ትእዛዙ እንዲደርስ ቸኩለው ስለነበር «ታደሰ፣ አንተ ብቻ ብትፈርም በቂ ነው፣ ሐዘን ላይ ናቸው» አሉኝ። ሐዘን ላይ ናቸው የሚለውን ሰበብ አድርጌ በሁለቱም ቦታ ፈረምኩ። እንደተሠሩ ስፈትናቸው አልተሰበሩም። እርጥብ እንጨት ወዲያው አይከዳም፤ ቀለሙን ለብሶ፣ ፓኬት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነው የሚኮማተረው፤ ሲኮማተርም ልቡን ይሰብራል። እርሳሶቹ ቢጫ ቀለማቸውን ተቀብተው፣ እያብለጨለጩ ወደ አሥራ አንዱ ትምህርት ቤቶች ሄዱ። አንድ ፓኬት ለሰብለ ይዤ ገባሁ።

ፈተናው ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ካዛንቺስ ባለው ቤታችን፣ ዛሬ መንገድ በሆነው፣ እናቷ ገበያ ሄዳ ሰብለ በረንዳው ላይ ትቀርጻለች። እግሯ ሥር ቅርፊት ተከምሯል።

«ስንተኛው ነው ይሄ?»

«አራተኛው አባባ። ስቀርጸው ልቡ ይወድቃል።»

«እጅሽ ነው። ታጣምሚዋለሽ።»

«አላጣመምኩም። እርሳሱ ነው።»

«አባትሽ የፈረመበትን ነው እርሳሱ ነው የምትይው? የራስሽን ጥፋት በእንጨት ታላክኪያለሽ? ተንበርከኪ!»

ግድግዳው ሥር ተንበረከከች። አላለቀሰችም። ለእኔ ልጅን ማሳደግ ማለት ይህ ነበር፤ እኔም በዚሁ መንገድ ነው ያደግሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየች፣ እንዴት እንደሚቀረጽ ላሳያት አምስተኛውን አነሣሁ። ተሰበረ። ስድስተኛውን በቢላዋ ቀስ ብዬ ቀረጽሁ። ልቡ እንደ ጥርስ ወልቆ ወደቀ። ሰባተኛውን በመጋጠሚያው ላይ ሰነጠቅሁት። ልቡ አምስት ቦታ ተሰባብሮ ተኝቷል።

ያንን ያየሁበትን ጊዜ አልረሳም። ያየሁት የሰብለን እርሳስ ብቻ አልነበረም፤ በአሥራ አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ የተቀመጡትን ልጆች ሁሉ ነው። ሰብለን ተነሺ ብያት፣ የተሰነጠቀውን እርሳስ ኪሴ ከትቼ ወደ ላንቻ፣ ወደ ጋሽ ሰይድ ቤት ሮጥኩ።

በራቸው ላይ ቆሜ እርሳሱን ዘረጋሁላቸው። ብዙ ነገር ይሉኛል ብዬ ነበር። አገላብጠው አዩት።

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«ታዲያ ቆመህ ታየኛለህ? ጫማዬን አቀብለኝ!»

አቶ ኃይሉን ፋብሪካው ውስጥ አገኘናቸው። ከመጋዘን ፓኬት አውጥተው እሳቸው ራሳቸው ቀረጹ። አንደኛው ተሰበረ። ሁለተኛው ተሰበረ። ሦስተኛው ደህና ሆነ።

«ይኸው!» አሉ። «ደህናም አለ። ለምን ስማችንን እናጠፋለን? ልጆቹ ሌላ ይቀርጻሉ።»

ጋሽ ሰይድ እርሳሱን ከእጃቸው ወሰዱ። «ማን ይጽፍበታል አቶ ኃይሉ?»

«ተማሪ ነዋ!»

«ደህናውስ የሚደርሰው ለየትኛው ተማሪ ነው? ስሙን ይንገሩኝ።»

አቶ ኃይሉ ፓኬቱን ዘጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ነህ የፈረምከው። ደብዳቤውን አንተ ትጽፋለህ፣ ትምህርት ቤቶቹም ዘንድ አንተው ትሄዳለህ» አሉ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ደብዳቤውን ጻፍኩ፦ እንጨቱ ሳይደርቅ ደርቋል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ የሚል ነው። ከዚያ ያጠረ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ጋሽ ሰይድ ከመሄዳቸው በፊት በየዓርቡ ያስገለበጡት፣ በኮላ ተጣብቆ የተቀመጠ አንድ ክምር ነበር። እሁድ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ፣ ሙስሊሙ ከቤቱ መጥቶ ማሽኖቹ ተነሡ። ቀለም ለመቀባትና ለማድረቅ ጊዜ አልነበረም። እርሳሶቹን ጥዱ እንደወለዳቸው፣ ያለ ቀለም፣ በፓኬት ሞላናቸው። ሰኞና ማክሰኞ አሥሩ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ደርሼ ቢጫውን እየሰበሰብኩ ያልተቀባውን ሰጠሁ። አንዳንዱ ርዕሰ መምህር ሰደበኝ፣ አንዷ ደግሞ ሻይ ጋበዘችኝ። ሁለቱም ይገባኝ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ትምህርት ቤት ግን ቢጫው እርሳስ ልጆቹ እንዲለማመዱበት ዓርብ ዕለት ታድሎ በየቤታቸው ሄዷል። ረቡዕ ማለዳ ካርቶን ተሸክሜ በሩ ላይ ቆምኩ።

ዘበኛው «ምን ትሸጣለህ? ዞር በል ከዚህ!» አለኝ።

«አልሸጥም። በነፃ ነው።»

«በነፃ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው!» አለ፤ ግን አላባረረኝም።

«ልጆች፣ ቢጫውን እርሳስ ተዉት፣ ይሰበራል፤ ይሄን ያዙ» እያልኩ ለሚገባው ሁሉ ዘረጋሁ። ልጆች ናቸው፤ ሳቁ።

«እንዴ፣ ይሄ እርሳስ ራቁቱን ነው!»

«ጋሼ፣ ሳይጨርሱት ነው እንዴ ያመጡት?»

«ስቴኪኒ ነው፣ ለጥርስ ነው!»

ግማሾቹ ተቀበሉኝ፤ ግማሾቹ የሚያብለጨልጨውን መርጠው ገቡ። አንዲት ባለ ሹሩባ ልጅ ሁለት ቢጫ እርሳሶቿን ወደ ላይ አንሥታ አሳየችኝና «እኔ አዲስ አለኝ» ብላ አለፈች። ፈተናው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆየሁ። ስትወጣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር።

«ሁለቱም ተሰበሩ?» አልኳት።

«ከጓደኛዬ እስክዋስ ስንት ጥያቄ አለፈኝ» አለችና ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም። ማለፏንም መውደቋንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ከእሷ ሌላ ስንት እንደነበሩም አላውቅም። ይህን ማንም አላረመልኝም፤ የሚታረምም አይደለም።

ለአንድ ዓመት ከቁጥጥር ተነሥቼ ወደ እንጨት ክፍል ተመለስኩ። ዓርብ ዓርብ ክምር ገለበጥኩ። ሚዛኑን ግን ጋሽ ሰይድ አልጣሉትም፤ «ከታችም እየመዘዝክ መዝን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጉንጭም ሚዛንም አብረው ሠሩ። ወደ ቦታዬ ስመለስ የመጀመሪያውን ክምር ይዘውልኝ የመጡት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸውን ፊርማ አስቀድመው ፈርመውበታል። እስከ ጡረታዬ ድረስ ከፈረምኩበት እርሳስ አንድም ተመልሶ አልመጣም። ፋብሪካው የተዘጋው ርካሹ የውጭ ዕቃ አሸንፎት ነው፤ አሁን ደግሞ ፈተናውን በኮምፒውተር የሚፈተኑም አሉ። ይሁን። እኔ ግን በዚህች ከተማ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ እርሳስ የጻፈ ስንት ሐኪም፣ ስንት መሐንዲስ እንዳለ ሳስብ ቀና ብዬ እሄዳለሁ።

እስከዚህ የጻፍኩትን ትናንት ለሰብለ ሰጠኋት። ስትተይብ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ራዲዮ እሰማ ነበር። የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ።»

«የቱ ጋ?»

«ተነሺ ብያት ሮጥኩ ብለዋል።»

«እና?»

«አላሉኝም። እርሳሱን ኪስዎ ከትተው ሮጡ። እኔን ያነሣችኝ እናቴ ናት፣ ከገበያ ስትመለስ።»

ላስታውስ ሞከርኩ። በረንዳው ይታየኛል፣ ቅርፊቱ ይታየኛል፣ የተሰባበረው ልብ ይታየኛል። እሷ ስትነሣ ግን አትታየኝም።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎን ማን ይናገራል አባባ?»

አሥራ አንድ ትምህርት ቤት ዞሬ አጥፍቻለሁ ስል አንደበቴ አልተያዘም ነበር። ከመቀመጫዬ ተነሣሁና «ይቅር በይኝ» አልኳት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ዓይኗ ሞላ፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«ላስተካክለው?» አለችኝ።

«አታስተካክዪው። የእኔን ውሸት እንዳለ ተዪው። አንቺ የምታውቂውን ከሥር ጻፊ።»

*አባባ ተነሺ አላሉኝም። ያነሣችኝ እናቴ ናት። የቀረውን እሳቸው እንደጻፉት አንድም ቃል ሳልነካ ተይቤዋለሁ። ሰብለ።*